በአኦርታ መለጠጥ የሚደርስ ሞት፦ ዓለም አቀፍ አዝማሚያው፣ አጋላጭ ምክንያቶቹና በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

አኦርታ ከልብ ተነሥቶ በደረትና በሆድ በኩል ወደ ታች የሚወርድ፣ ለመላው አካል ደም የሚያከፋፍል የሰው ልጅ ትልቁ ደም ቅዳ ነው። የዚህ ደም ቅዳ ግድግዳ በተለያዩ ምክንያቶች ሲሳሳ በእያንዳንዱ የልብ ምት የሚመጣውን የደም ግፊት መቋቋም ያቅተዋል፤ ከዓመት ዓመትም እየተለጠጠ ይሄዳል። ይህ ሁኔታ በሕክምናው ቋንቋ አኒዩሪዝም ይባላል። በሆድ ውስጥ የሚያልፈው የአኦርታ ክፍል በጤነኛ ጎልማሳ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ ተለጥጧል ይባላል። የተለጠጠው ክፍል ከፈነዳ ደም ወደ ሆድ ወይም ወደ ደረት ይፈስሳል፤ ይህ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ወደ 80 ከመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ፣ ብዙዎቹም ሆስፒታል ሳይደርሱ ሕይወታቸው እንደሚያልፍ የሕክምና ጥናቶች ያመለክታሉ።

በሽታው ከመፈንዳቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመምም ሆነ ሌላ ምልክት አያሳይም። በዚህ ምክንያት ጉዳዩ በሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ ብቻ የሚታወቅ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ለሞት የሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች፣ ማለትም ትምባሆ፣ ያልታከመ የደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ጨው፣ በየቤቱ የሚገኙና መከላከል የሚቻሉ ናቸው። በመሆኑም በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖረው ኅብረተሰብ በቅርብ ካለው ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ የሚያገኘው አገልግሎት ከዚህ በሽታ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው።

የዓለም አቀፉ አኃዝ ምን ያሳያል?

የዓለም የበሽታዎች ጫና ጥናት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ1990 በአኦርታ መለጠጥ ምክንያት በዓለም ዙሪያ የሞቱ ሰዎች ቁጥር ወደ 95 ሺህ ይጠጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ቁጥር 172 ሺህ ገደማ ደርሷል። በ29 ዓመታት ውስጥ ከ80 ከመቶ በላይ ጭማሪ ታይቷል ማለት ነው። በአንጻሩ የዕድሜ ስብጥር ልዩነት ተስተካክሎ ሲሰላ ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል የሚሞቱት ከ2.72 ወደ 2.21 ዝቅ ብለዋል።

ሁለቱ አኃዞች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ቢመስሉም አይጋጩም። የሟቾች ጠቅላላ ቁጥር የጨመረው የዓለም ሕዝብ በመብዛቱና በሽታው ወደሚበረታበት የዕድሜ ክልል የሚደርሰው ሰው በመበርከቱ ነው። በአንድ የዕድሜ ክልል ውስጥ ያለ ሰው በዚህ በሽታ የመሞት ዕድሉ ግን ቀንሷል። ለቅነሳው በዋናነት የሚጠቀሰው ምክንያት ደግሞ ትምባሆ የማጨስ ልማድ በብዙ አገሮች መቀነሱ ነው።

ለዚህ እንግሊዝና ስዊድን ጥሩ ማሳያ ናቸው። በሁለቱም አገሮች ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ ወንዶች አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንዲመረመሩ ይጋበዛሉ። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ ይፋ የሆነው ሲሆን፣ ከ67 ሺህ በላይ ወንዶችን አካትቶ በምርመራው ምክንያት ከአኦርታ መለጠጥ ጋር የተያያዘ ሞት በአራት ዓመታት ውስጥ በ42 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የምርመራ መርሐ ግብሮቹ በተስፋፉባቸው ዓመታት የታየው ሌላ ለውጥም ትኩረት ይሻል። ቀደም ባሉት ጊዜያት በዚህ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ከ4 እስከ 5 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኝ የነበረው የአኦርታ መለጠጥ በአሁኑ ጊዜ ወደ 1 ከመቶ አካባቢ ወርዷል። ምርመራው የታመመውን ሰው ለይቶ ያወጣል፤ የታማሚዎችን ቁጥር ከምንጩ የቀነሰው ግን በዋናነት የሲጋራ መቀነስ ነው።

አነስተኛ አኃዝ ለምን መተማመኛ አይሆንም?

በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ሞቱ ተብለው የሚመዘገቡ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ለዚህ በከፊል ተጨባጭ ምክንያት አለ። የአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ነው፤ አጫሾችም በንጽጽር ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የጎልማሶች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀሙ ጎልማሶች 5 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከወንዶች 8.1 ከመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 ከመቶ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የሚያስደስት አይደለም። የአኦርታ መለጠጥ የሚታወቀው በአልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካን ወይም በአስከሬን ምርመራ ነው። በገጠር ቀበሌ አንድ አዛውንት በድንገት ወገባቸውን ወይም ሆዳቸውን ይዘው ወድቀው ሲሞቱ ሥርዓተ ቀብሩ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይፈጸማል፤ የአስከሬን ምርመራ አይደረግም። ሞቱም "ምች መታው"፣ "ልቡ ቀጥ አለ" ወይም "ድንገተኛ ሞት" በሚል ይታለፋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት በሚያካሂደው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል እንደሚደረገው ቤተሰብን በመጠየቅ የሞትን ምክንያት የማጣራት ዘዴ ለብዙ በሽታዎች ጠቃሚ ነው። ሆኖም የፈነዳ አኦርታን ከልብ ድካም ወይም ከአንጎል ደም መፍሰስ በቃለ መጠይቅ ብቻ መለየት እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ የተመዘገበው ቁጥር ማነስ የበሽታውን ማነስ ብቻ የሚያሳይ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

በተጨማሪም በሽታው እስከሚበረታ ድረስ ዓመታት ይፈጃል። ዛሬ በ30 ዓመቱ ሲጋራ የጀመረ ወይም የደም ግፊቱን ያልታከመ ሰው ጉዳቱ የሚገለጥበት ከ30 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያውያን አማካይ ዕድሜ እየረዘመ በመምጣቱም ለበሽታው ወደሚያጋልጠው ዕድሜ የሚደርሰው ሰው ቁጥር ከፍ ይላል።

አጋላጭ ምክንያቶቹ በአካባቢው

*ትምባሆ።* ከሁሉም አጋላጭ ምክንያቶች ቀዳሚው ነው። የትምባሆ ጢስ የደም ቅዳውን ግድግዳ የሚያጠነክሩትን ቃጫ መሰል ነገሮች ስለሚጎዳ አኦርታ እንዲለጠጥ፣ የተለጠጠውም ፈጥኖ እንዲሰፋ ያደርጋል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የገጠር ቀበሌዎች ማጨስ በሃይማኖትም በባህልም የሚነቀፍ ልማድ ነው። ይህ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ነው። ሥጋቱ የሚመነጨው ለሥራ ከአካባቢው ርቀው ከሚሄዱ ወጣቶች ነው። ለአጨዳና ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወይም በከተሞች በቀን ሥራ የሚሰማሩ ወጣቶች ከማጨስ ልማድ ጋር የሚተዋወቁት በአብዛኛው በዚያ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የቤት ውስጥ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስንም አግዷል። ስለሆነም በወረዳ ከተሞች በሚገኙ ምግብ ቤቶች፣ ጠጅ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ሕግን መተላለፍ ነው።

*የደም ግፊት።* ከፍተኛ የደም ግፊት የአኦርታን ግድግዳ ከመለጠጡም በላይ ግድግዳው በድንገት እንዲሰነጠቅ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ክልል የሚገኙ 1.28 ቢሊዮን ሰዎች የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 46 ከመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ምክንያቶች ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ዜጎች 16 ከመቶ ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ የጥናቱ ተሳታፊዎች ከዚያ በፊት የደም ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም ነበር።

*ጨው።* የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንዲበቃ ይመክራል። በተጠቀሰው አገር አቀፍ ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ በቀን የሚጠቀመው ጨው 8 ግራም ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በደጋው የአገራችን ክፍል ጨው በወጥ ብቻ አይገባም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ይጨመራል፤ በቆሎው ላይ ይነሰነሳል፤ በአንዳንድ ቤቶች ቡናውም በጨው ይጠጣል። በርበሬና ሽሮ አስቀድሞ ጨው የገባባቸው ከሆኑ ወጡ ሲሠራ በድጋሚ አለመጨመር፣ ቡናንም ያለ ጨው መጠጣት ያለ ምንም ወጪ የሚወሰዱ እርምጃዎች ናቸው። በእነዚህም ሲቀነስ የሚቀረው ጨው አዮዲን ያለው መሆን ይኖርበታል።

*ያልታከመ ቂጥኝ።* ቂጥኝ ሳይታከም ሲቀር ከ10 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ በደረት ውስጥ የሚያልፈውን የአኦርታ ክፍል ሊያጠቃ ይችላል። በሽታው በፔኒሲሊን መርፌ የሚድን በመሆኑ ነፍሰ ጡር እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት የሚያደርጉት የደም ምርመራ ሊታለፍ አይገባም። ባሎችም አብረው ቢመረመሩና ቢታከሙ ለሁለቱም ይጠቅማል።

*በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት።* አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በአኦርታ መለጠጥ የታመመበት ሰው ከሌላው የበለጠ ተጋላጭ ነው። ማርፋን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ያለባቸው፣ ማለትም ከቁመታቸው ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም እጆችና ጣቶች ያሏቸው፣ የዓይንና የልብ ችግርም የሚታይባቸው ሰዎች በወጣትነታቸው ጭምር ለአደጋው የተጋለጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ችግር ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባታል።

*ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰዱ መድኃኒቶች።* የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ የፍሎሮኪኖሎን ወገን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የአኦርታን መሰንጠቅና መፈንዳት ሊያባብሱ እንደሚችሉ አሳውቋል። አደጋው በጠቅላላው አነስተኛ ቢሆንም የደም ግፊት ላለባቸው፣ ለአረጋውያንና አኦርታቸው ለተለጠጠ ሰዎች ከፍ ይላል። መድኃኒቱ ለተቅማጥም ሆነ ለሽንት ቧንቧ ሕመም በተለምዶ የሚታወቅ በመሆኑ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ታካሚው የደም ግፊት ወይም የአኦርታ ችግር እንዳለበት ለሐኪሙና ለፋርማሲ ባለሙያው አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባዋል።

ዕድሜና ጾታም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በሆድ ውስጥ የሚከሰተው የአኦርታ መለጠጥ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። በሴቶች ላይ ሲከሰት ግን በአነስተኛ ስፋት ሊፈነዳ ስለሚችል ሴቶች አደጋው አይመለከታቸውም ማለት አይቻልም።

የአውሮፓን ምርመራ እንዳለ መውሰድ ይጠቅማል?

ሁሉንም አረጋውያን ወንዶች በአልትራሳውንድ መመርመር በእንግሊዝና በስዊድን ውጤት አስገኝቷል። ሆኖም የተጀመረው በሽታው በበዛበት፣ አጫሹ በበረከተበትና በምርመራ የተገኘን ታካሚ ተቀብሎ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሆስፒታል በቅርብ በሚገኝበት ሁኔታ ነው። በኢትዮጵያ የአጫሹ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ በወረዳ ደረጃ ያሉ የአልትራሳውንድ መሣሪያዎችና ባለሙያዎች በቀዳሚነት የሚያገለግሉት ነፍሰ ጡር እናቶችን ነው። የደም ቧንቧ ቀዶ ሕክምናም በአብዛኛው የሚሰጠው ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ነው።

ስለዚህ በአገራችን ሁኔታ ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው ቀዳሚው ምርመራ የደም ግፊት ልኬታ ነው። ልኬታው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ በጤና ጣቢያም ይሰጣል። ከዚህም በላይ የአንጎል ደም መፍሰስን፣ የልብ ድካምንና የኩላሊት መድከምን አብሮ ይከላከላል። አልትራሳውንዱ ደግሞ ይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው ቢውል ተገቢ ነው። እነዚህም ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑና በሕይወታቸው ሲጋራ ያጨሱ ወንዶች፣ የቅርብ የሥጋ ዘመዳቸው በዚህ በሽታ የታመመባቸው ሰዎች እንዲሁም በሆዳቸው ውስጥ እንደ ልብ የሚመታ እብጠት የሚሰማቸው ናቸው።

የተለጠጠ አኦርታ ተገኘ ማለት ሁሉም ሰው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። በወንዶች ከ5.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው ምልክት እስካላሳየና በፍጥነት እስካልሰፋ ድረስ በየተወሰነ ጊዜ እየተለካ ይቆያል። በዚህ ወቅት ሲጋራን ማቆም፣ የደም ግፊትን መቆጣጠርና ቀጠሮን ማክበር የሕክምናው ዋና አካል ናቸው።

ርቀትና የሪፈራል ሥርዓት

የጉና ተራራን ተንተርሶ የሚገኘው የጋይንት ደጋና ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርዱት የስማዳና የእስቴ ቀበሌዎች መልክዓ ምድራቸው አስቸጋሪ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የተነሣ ታካሚ መኪና ወደሚገባበት መንገድ የሚደርሰው በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሰው ሸክም ነው። ከዚያም በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይጓዛል። ለከፍተኛ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ መድረስ ካስፈለገ ከደብረ ታቦር ብቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። አኦርታው የፈነዳበት ሰው የሚኖረው ጊዜ በደቂቃና በሰዓት የሚቆጠር በመሆኑ ለአካባቢው ነዋሪ የተሻለው ተስፋ ከመፈንዳቱ በፊት ባሉት ዓመታት የሚደረገው ክትትል ነው።

ክትትሉ እንዳይቋረጥ ማድረግም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ላይ ጋይንትን በነካበት ወቅት በነፋስ መውጫ የሚገኙ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል። በጸጥታ ችግርም ሆነ በክረምት ጎርፍ መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚጎዳው መድኃኒቱን በየወሩ የሚወስድ ታካሚ ነው። መድኃኒት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከመጠባበቅ ይልቅ ከክረምት በፊትና መንገድ ሊዘጋ በሚችልባቸው ጊዜያት ከአንድ ወር በላይ የሚያቆይ መድኃኒት እንዲታዘዝ ባለሙያውን መጠየቅ ይቻላል።

ተገልጋዩ ምን ማድረግ ይኖርበታል?

ዕድሜው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሕመም ባይሰማውም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊቱን ቢለካ ይመከራል። ከልኬታው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣትና ማጨስ አይገባም፤ ረጅም መንገድ በእግር የተጓዘ ሰውም ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ይለካል። ውጤቱ በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት በሽታ አለ ማለት ስለሆነ ክትትል ይጀመራል።

እንደ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚታዘዙ የግፊት መድኃኒቶች በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው። ግፊቱ ሲወርድ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ "ተሻለኝ" ብሎ ማቆም ግፊቱን መልሶ ያስነሣዋል። በጾም ወቅት የመውሰጃ ሰዓቱን ወደ ማታ ለማዛወር የሚፈልግ ታካሚ ከባለሙያው ጋር ተነጋግሮ ሊያስተካክል ይችላል። ጸበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውን ይዘው ሊሄዱና ሳያቋርጡ ሊወስዱ ይገባል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያውን በየዓመቱ በማሳደስ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈራል ወረቀት እየያዘ በመሄድ ሕክምናውን በመድኑ ሊያገኝ ይችላል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኘው ፎገራ ነበር። መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌያቸው በኩል ተለይተው ወጪያቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ ጉዳያቸውን ለቀበሌው ማቅረብ ይችላሉ። ያለ ሪፈራል በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መሄድ ግን በመድኑ የመጠቀም መብትን ሊያሳጣ ይችላል። ድንገተኛ አደጋ ሲያጋጥም ቅድሚያ የሚሰጠው ሕይወትን ለማትረፍ በመሆኑ ታካሚው በቅርብ ወደሚገኘው ተቋም ወዲያውኑ ይወሰዳል።

አደጋውን የሚጠቁሙ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦ በደረት፣ በጀርባ፣ በወገብ ወይም በሆድ ላይ በድንገት የሚጀምር፣ የመቀደድ ስሜት ያለው ብርቱ ሕመም፤ ቀዝቃዛ ላብና የፊት መገርጣት፤ ራስን መሳት፤ በሆድ ውስጥ የሚመታ እብጠት ከሕመም ጋር መታየቱ። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ሆድን ማሸት፣ ወጌሻ ጋር መውሰድ ወይም እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ታካሚው እንዲጋደም ተደርጎ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል የወረዳው አምቡላንስ ይጠራል፤ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር 907 መደወልም ይቻላል። አብሮ የሚሄደው ቤተሰብ ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና የክትትል ካርዱን ይዞ ቢሄድ የሐኪሙን ሥራ ያፋጥናል።

የዓለም አኃዝ እንደሚያስተምረው በዚህ በሽታ የመሞት ዕድል የቀነሰው ቀዶ ሕክምና በመራቀቁ ብቻ ሳይሆን ሰዎች ማጨስ በማቆማቸውና ግፊታቸውን በመታከማቸው ጭምር ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ማጨስ ገና ያልተስፋፋ በመሆኑ ሌሎች አገሮች በብዙ ድካምና ወጪ የደረሱበትን ውጤት ከወዲሁ ማስጠበቅ ይቻላል። የቀረው ሥራ የደም ግፊትን መለካት፣ የጀመሩትን ክትትል አለማቋረጥና ከወጡ ላይ ጨው መቀነስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ አገልግሎት በቅርብ ባለው ጤና ተቋም ይገኛል።